ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ የንድፍን አሳብ በአንድ ጠዋት የእጅ ሥራ ስለ ማስተማር

በየወረዳው የምትገኙ የግብርና ሹማምንትና ባለሞያዎች ሆይ፤

ለገበሬው ይጠቅማል ተብሎ ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ በግምጃ ቤት ጥግ ተቀምጦ አቧራ ሲለብስና ሲዝግ ያላየ ሰው ከእናንተ መካከል አይገኝም ብዬ እገምታለሁ። መሣሪያው በመልካም አሳብ ታስቦ ነበር፤ በወረቀት ላይ ሲነደፍም አምሮ ነበር፤ ገበሬው ግን አንድ ቀን ሞክሮ መለሰው። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሹም ‹‹ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም›› ይላል፤ ገበሬውም በበኩሉ ‹‹የመንግሥት ሰው የእኛን ነገር አያውቅም›› ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ የሚከፋው ይህ ሁለተኛው ነው፤ በሚመጣው ዓመት በእውነት የሚጠቅም ነገር ይዘን ብንሄድ እንኳ የሚሰማን አናገኝምና።

የዚህ ጥፋት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሠሪው ስንፍና ወይም የገበሬው እልከኝነት አይደለም። ምክንያቱ የሥራው ተራ መገልበጡ ነው፤ ይኸውም መልሱ አስቀድሞ ተሠርቶ ጥያቄው በኋላ መምጣቱ ነው። አባቶቻችን ‹‹ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ›› የሚሉት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ስሕተት በእርጥቡ፣ ማለት ገና በጭቃና በካርቶን ሳለ ከተገኘ በአንድ ሰዓት ይቃናል፤ ብረት ከሆነና በሺህ ተባዝቶ ከተከፋፈለ በኋላ ግን የሚያቃናው የለም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥበብ ለልማት ሠራተኞች በአንድ ጠዋት ውስጥ በእጅ ሥራ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል እናስረዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የንድፍ አሳብ ምን እንደ ሆነ

በአሜሪካና በአውሮጳ ትምህርት ቤቶች ‹‹ዲዛይን ቲንኪንግ›› የሚባለውን ትምህርት እኛ የንድፍ አሳብ ብለነዋል። ይህ አሳብ በአንድ ሰው ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ኸርበርት ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ያለውን ሁኔታ ወደ ተሻለ ሁኔታ ለመለወጥ መንገድ የሚፈልግ ሰው ሁሉ፣ ሐኪምም ቢሆን አስተዳዳሪም ቢሆን፣ የንድፍ ሥራ እንደሚሠራ አስረዳ። ሮበርት መኪም የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በቃል ብቻ ሳይሆን በዓይኑና በእጁም እንደሚያስብ ገለጠ። በኋላም በ2000ዎቹ ዓመታት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የሐሶ ፕላትነር የንድፍ ኢንስቲትዩት ይህን ትምህርት በአምስት ክፍል አድርጎ በዓለም አሰራጨው።

አምስቱም ክፍሎች እነዚህ ናቸው። 1ኛ፤ መሣሪያውን የሚይዘውን ሰው ኑሮ በእርሱ ቦታ ሆኖ መረዳት። 2ኛ፤ ችግሩን በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር መወሰን። 3ኛ፤ አንዱን አሳብ ሳይዙ ብዙ አሳብ ማፍለቅ። 4ኛ፤ ከአሳቡ አንዱን በርካሽ ዕቃ ቶሎ መሥራት፤ ይህ ‹‹ፕሮቶታይፕ›› የሚባለው ነው፤ እኛም ናሙና እንለዋለን። 5ኛ፤ ናሙናውን ለባለ ጉዳዩ ሰጥቶ መፈተን። ፈተናው ስሕተትን ሲገልጥ ሠሪው ወደ 4ኛው፣ ወይም ወደ 3ኛው፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 1ኛው ድረስ ይመለሳል። መመለሱም የሥራው ክፍል ነው እንጂ ውርደት አይደለም።

ከአገራችን ሁለት ምሳሌ

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል ከራሳችን አገር የታወቁ ሁለት ሥራዎችን እንመልከት። በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በ1995 ከሌላ የከብት ምርምር ድርጅት ጋራ የተዋሐደው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል በ1980ዎቹ ዓመታት ስለ እርሻ መሣሪያ ብዙ ሙከራ አድርጎ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ በአንድ በሬ ማረስ ነው። በደጋው አገር ጥንድ በሬ የሌለው ገበሬ ብዙ ስለ ሆነ፣ ባለሞያዎቹ ቀንበሩን ለአንድ በሬ እንዲስማማ አድርገው፣ ሞፈሩንም አሳጥረው አንድ በሬ የሚጎትተው ማረሻ ሠሩ። በምርምር ጣቢያው ላይ ተስፋ የሚሰጥ ሆኖ ታየ። በገበሬው ዘንድ ግን አልተስፋፋም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ ገብቶ በተራ ማረስን ያውቃል። ይህም ልማድ በሬን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከሰው የሚያቀናጅ ነው። እንግዲህ ‹‹ገበሬው ሁለተኛ በሬ የለውም›› ብሎ መነሣትና ‹‹ገበሬው ሁለተኛ በሬ ከየት ያገኛል?›› ብሎ መነሣት ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። የምንወስደውም ትምህርት ይህ ነው፤ መሣሪያው በራሱ ቢሠራም እንኳ በሰው ኑሮ ውስጥ ቦታ ካላገኘ አይቆምም።

ሁለተኛው የመረሬ መሬት ሥራ ነው። መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ብዙ ገበሬ ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ በክረምቱ መጨረሻ ይዘራ ነበር። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ግን ገበሬዎች ከነቤተ ሰባቸው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ በማበጀት ውሃውን ያጠነፍፉ ነበር። ሥራው እጅግ አድካሚ ነው። ባለሞያዎቹም በዚህ ላይ ተመሥርተው ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው፣ በበሬ እየተጎተተ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ከበደ፤ በኋላም የእንጨቱን ክንፍ በብረት ክንፍ ለውጠው አቀለሉት። መሣሪያው በአገሩ ሁሉ ወዲያው ተስፋፋ ማለት አይቻልም፤ ሆኖም መነሻው የገበሬው የራሱ ማረሻና የገበሬው የራሱ ብልኀት ስለ ነበረ፣ ሲከብድ ለማቅለል፣ ሲሰበርም በአገር አንጥረኛ ለመጠገን መንገድ ነበረው። ‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ›› ማለት ይህ ነው።

ስለ ምን በእጅ ሥራ እንጂ በቃል አይማሩትም

ይህን ሁሉ በስብሰባ አዳራሽ ብንናገረው ሰሚው ራሱን እየነቀነቀ ‹‹እውነት ነው›› ይላል፤ ሲመለስ ግን እንደ ቀድሞው ይሠራል። ምክንያቱም እያንዳንዳችን ‹‹እኔ ገበሬውን ዐውቀዋለሁ›› የሚል እምነት ስላለን ነው። ይህ እምነት በክርክር አይለቅም፤ የሚለቀው በገዛ እጃችን የሠራነው ነገር በዓይናችን ፊት ሲወድቅ ነው።

ይህን ነገር የሚያስረዳ በውጭ አገር የታወቀ የጨዋታ ፈተና አለ። ፒተር ስኪልማን የተባለ የንድፍ ባለሞያ ያወጣው ነው፤ ቶም ዉጄክ የተባለውም ሰው በ2010 ባደረገው ንግግር ብዙ ሰው እንዲያውቀው አድርጓል። አራት አራት ሰው ለሚሆን ማኅበር 20 ዘንግ ደረቅ ስፓጌቲ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ሲባጎና ያንኑ የሚያህል የሚለጠፍ ወረቀት፣ አንድም ማርሽማሎው የሚባል ለስላሳ ከረሜላ ይሰጣቸዋል። በ18 ደቂቃ ውስጥ ከረሜላውን በጫፉ የሚሸከም፣ ከሁሉ የረዘመ ግንብ እንዲያቆሙ ይታዘዛሉ። በዚህ ፈተና የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የንግድ ትምህርት ከጨረሱ ተማሪዎች የበለጠ ግንብ ማቆማቸው ታውቋል። ትልልቆቹ አለቃ ማን እንደ ሆነ ሲወስኑ፣ ሲመክሩና ሲነድፉ ቆይተው ከረሜላውን በመጨረሻው ደቂቃ ያስቀምጡታል፤ ያን ጊዜም ቀላል የመሰላቸው ከረሜላ ግንቡን ያጎብጠዋል፤ ለማቃናትም ጊዜ የላቸውም። ልጆቹ ግን ከመጀመሪያው ከረሜላውን በትንሽ ግንብ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሲወድቅባቸው ያቃናሉ፤ እንዲህ እያሉ አራት አምስት ጊዜ ይማራሉ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የቸኮለችም አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ መቸኮልን ስለ ምን ታስተምራላችሁ?›› ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም እንዲህ ነው፤ በእውነተኛው ሥራ ላይ መቸኮል ጥፋት ነው፤ በናሙናው ላይ መፍጠን ግን በእውነተኛው ሥራ ላይ እንዳንቸኩል የሚያደርግ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ቀን አይሞክርም። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተበላሸውን ወዲያው ያቃናለታል። ጉባኤ ቃናው ስለ ተበላሸ ተማሪው ከትምህርት ቤት አይባረርም፤ ነገ ሌላ ይቆጥራል እንጂ። ናሙናም እንደዚሁ ነው፤ የሚሠራው ሊታረም ነው።

የአንድ ጠዋት ሥራ፤ ጤፍ በመስመር መዝራት

ለማስተማሪያ የሚሆነው ጉዳይ ከወረዳው ሥራ የተወሰደ ቢሆን ይሻላል። እኛ የጤፍን በመስመር መዝራት መርጠናል። ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት ጤፍን ከብተና ይልቅ በመስመር መዝራት በብዙ ወረዳ ተሰብኳል። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ የሚፈጀው ዘር በመስመር ሲሆን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል ተብሎ ተመክሯል። ገበሬውም ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ‹‹ጉልበት ይፈጃል›› የሚል ነው። ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለውን ባዶ የውሃ ጠርሙስ ክዳኑን በስቶ ዘር ማንጠባጠቢያ ያደረገም አለ። እንግዲህ ለሠልጣኞች የሚሰጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ የጤፍን ዘር በመስመር ለመዝራት ለገበሬው የሚመች መሣሪያ በዛሬው ጠዋት ሥሩ።

አስቀድሞ የሚዘጋጀው። ሠልጣኞች 12 ቢሆኑ መልካም ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው 6 ጥንድ ይሆናሉ። ቢያንስ 3 ገበሬዎች ይጠሩ፤ ከእነርሱም አንዷ ሴት ትሁን፤ በብዙ ቤት በመስመር መዝራቱ የሴቶችና የልጆች ሥራ ነውና። ገበሬዎቹም ለተመልካችነት ሳይሆን ለፈራጅነት እንደ ተጠሩ በአክብሮት ይነገራቸው፤ ቀናቸውን ስለ ሰጡም ተገቢው አበል ይከፈላቸው። ዕቃው ባዶ የውሃ ጠርሙስ፣ ካርቶን፣ ሸምበቆ፣ ቀጭን እንጨት፣ ሲባጎ፣ ጨርቅ፣ ምስማር፣ ቢላዋ፣ ፍም ያለበት ምድጃ፣ አንድ ኪሎ ነጭ ጤፍ፣ ደረቅ አሸዋ፣ ጥቁር ጨርቅ ነው። በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ቅጥር ግቢ 20 ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ታርሶና ለስልሶ፣ ከፊሉም ውሃ ጠጥቶ ይቆይ። ብረት፣ ቀለምና የተገዛ መሣሪያ አይቅረብ፤ ያማረ ዕቃ የያዘ ሰው ያማረ ነገር ለመሥራት ይደክማል፤ ከደከመበትም በኋላ ነቀፋን መስማት ይከብደዋል።

የሰዓቱ አከፋፈል። ሥራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ በ5 ሰዓት ተኩል ያልቃል። መምህሩ ሰዓት ይዞ ይቁም፤ ደቂቃው ሲያልቅ ያስቁም እንጂ አይጨምር።

1ኛ፤ መጠየቅ፣ 15 ደቂቃ። ሁለት ሁለት ጥንድ ወደ አንድ ገበሬ ይቀርባል። ‹‹በመስመር መዝራት ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?›› ተብሎ አይጠየቅ፤ ሰው ለእንግዳ የሚያስደስተውን ይመልሳልና። ይልቁንስ ‹‹አባባ፣ ባለፈው ክረምት የዘሩ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን እንዳደረጉ ይንገሩን፤ ማን ከእርስዎ ጋራ ነበር? መጀመሪያ የደከመዎት የት ላይ ነው?›› ተብሎ ይጠየቅ። የሆነው ነገር ይጠየቅ እንጂ የሚታሰበው ነገር አይጠየቅ።

2ኛ፤ መወሰን፣ 10 ደቂቃ። እያንዳንዱ ጥንድ እንዲህ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ‹‹እገሌ ይህን ለማድረግ ይፈልጋል፤ የሚከለክለው ግን ይህ ነው።›› በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የመሣሪያ ስም አይግባ። ‹‹ወይዘሮ እገሊት የዘር መሣሪያ ያስፈልጋታል›› የሚለው ችግርን አይናገርም፤ መልስን በችግር ስም ያገባል እንጂ። ‹‹ወይዘሮ እገሊት ማሳዋን ዝናቡ ሳያልፍ ዘርታ ለመጨረስ ትፈልጋለች፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ መዋል ግን ወገቧን ይከለክላታል›› የሚለው እውነተኛው ነው።

3ኛ፤ አሳብ ማፍለቅ፣ 10 ደቂቃ። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን 5 ልዩ ልዩ አሳብ በሥዕል ያስፍር። ሥዕሉ ማማር የለበትም። ከዚያ በኋላ ጥንዱ አንዱን ይምረጥ።

4ኛ፤ መሥራት፣ 30 ደቂቃ። አሁን ንግግር ይብቃ፤ እጅ ይሥራ። የጋለ ምስማር የጠርሙሱን ክዳን ይበሳል፤ ካርቶን ይጠቀለላል፤ ሸምበቆ ይሰነጠቃል። የሚሠራው ነገር አንድ ሰዓት የሚቆይ ከሆነ በቂ ነው።

5ኛ፤ መፈተን፣ 25 ደቂቃ። አስቀድሞ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ዘሩ ይፍሰስና ይቆጠር፤ ከዚያም መሣሪያው ለገበሬው ይሰጥ። ሠሪዎቹ ‹‹እንዲህ ያዙት፣ እንዲህ አዘንብሉት›› ብለው አያስረዱ፤ ዝም ብለው ይመልከቱ፤ ያዩትን ይጻፉ። ገበሬው መሣሪያውን በተሳሳተ መንገድ ቢይዝ ስሕተቱ የመሣሪያው ነው፤ እኛ በየማሳው ቆመን የምናስረዳ አይደለንምና።

6ኛ፤ እንደ ገና መሥራትና መፈተን፣ 45 ደቂቃ። 30 ደቂቃው ለማቃናት፣ 15 ደቂቃው ለሁለተኛው ፈተና ይሁን። ይህ ክፍል በምንም ምክንያት አይቅር። የመጀመሪያው ናሙና መውደቅ ሰውን ትሕትና ያስተምረዋል፤ የሁለተኛው መሻሻል ግን ተስፋን ያስተምረዋል።

7ኛ፤ መነጋገር፣ 15 ደቂቃ። ምን እንደ ተማሩ በአጭሩ ይናገሩ።

ሒሳቡና እግሩ

በዚህ ጠዋት ምን እንደሚገለጥ በሒሳብ እናሳይ። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ሄክታር ውስጥ 100 ሜትር የሚረዝሙ 500 መስመሮች ይኖራሉ፤ ይህም በድምሩ 50000 ሜትር፣ ማለት 50 ኪሎ ሜትር ነው። 5 ኪሎ ዘር ለዚህ ሁሉ ሲካፈል ለ10 ሜትር 1 ግራም ይደርሳል። በ1 ግራም ጤፍ ውስጥ ወደ 3000 ገደማ ቅንጣት ስለሚገኝ፣ ለአንድ ሜትር 300፣ ለአንድ ስንዝርም (20 ሳንቲ ሜትር ገደማ) 60 ቅንጣት ያህል መውደቅ አለበት ማለት ነው። ሠልጣኞቹ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ የሚቆጥሩት ይህን ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ቢል ዘሩ ይንዶለዶላል፤ ቢጠብብ ይዘጋል፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ አንዱ ስንዝር ይሞላል፣ አንዱ ባዶ ይቀራል። አንዳንዱ ጥንድ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋራ መቀላቀልን በዚህ ጊዜ ያገኘዋል። እርጥቡ መሬት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጭቃው የጠርሙሱን አፍ ሲደፍነው ያያሉ፤ በደረቅ አዳራሽ የሠራ መሣሪያ በመረሬ ላይ እንደማይሠራ በዚያ ይማራሉ።

ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የ50 ኪሎ ሜትሩ ነው። ምክሩ የተጻፈበት ወረቀት የሚናገረው ስለ 5 ኪሎ ዘር ነው፤ የገበሬው ወገብና እግር የሚያውቁት ግን 50 ኪሎ ሜትሩን ነው። አንድ ሰው አጎንብሶ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንዱን ሄክታር ለመጨረስ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሩብ ሄክታር እንኳ ቢሆን 12 ሰዓት ተኩል ነው። ይህም መስመሩን ማውጣትንና ዘሩን መሸፈንን ሳንቆጥር ነው። ሹሙ ራሱ ጠርሙሱን ይዞ አጎንብሶ 20 ሜትሩን አምስት ጊዜ ቢመላለስ የሄደው 200 ሜትር ነው፤ ቀና ሲልም ወገቡን ይይዛል። ያን ጊዜ ‹‹ጉልበት ይፈጃል›› የሚለው ቃል የስንፍና ምክንያት ሳይሆን ትክክለኛ ሚዛን መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

በዚህ ጊዜ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። ጠዋት ‹‹ዘሩን በመስመር እንዴት እናንጠባጥብ?›› ይል የነበረው ጥንድ አሁን ‹‹መንገዱን እንዴት እናሳጥር፣ ወገቡንስ እንዴት እናቅና?›› ይላል። አንዱ ጥንድ በሸምበቆ ዘንግ ውስጥ ዘሩን ቁልቁል ለማውረድ ያስብ ይሆናል፤ ሰውየው ቆሞ እንዲሄድ። ሌላው ሁለት ጠርሙስ በአንድ እንጨት ላይ 20 ሳንቲ ሜትር አራርቆ ያስር ይሆናል፤ በአንድ ጉዞ ሁለት መስመር ሲዘራ 50 ኪሎ ሜትሩ 25 ይሆናል፤ ሦስት ቢያስር ወደ 17 ይወርዳል። እነዚህ አሳቦች በእርግጥ ይሠራሉ አንልም፤ ሁለተኛው ናሙና የሚፈትናቸው ናቸው። የምንለው ግን፣ ጥያቄውን ያቃናው የመጀመሪያው ናሙና መውደቁ ነው። በወረቀትና በንግግር ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ የክዳኑን ቀዳዳ ስፋት ስንከራከር በዋልን ነበር።

መምህሩ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፤ በመካከሉ የበላይ ሹም ቢኖር እርሱም እንደ ሌላው ጥንድ ገብቶ በእጁ ይሥራ፤ አስተያየቱንም ከሁሉ በኋላ ይስጥ። አለቃ አስቀድሞ ‹‹ይህ መልካም ነው›› ካለ ከእርሱ በኋላ እውነቱን የሚናገር አይገኝም። የአለቃው ናሙና በሁሉ ፊት ሲወድቅና እርሱም ስቆ ሲያቃናው ማየት ለበታቾቹ ከአንድ ቀን ስብከት ይበልጣል።

ሁለተኛ፤ ገበሬው ስለ አክብሮት ብሎ ‹‹ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን›› ቢል ይህ ምስጋና እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱ የሚታወቀው በሥራው ነው፤ መሣሪያውን ስንት ጊዜ ቆም ብሎ እንዳስተካከለው፣ መቼ በእጁ መዝራት እንደ ጀመረ፣ ለጎረቤቱ ምን ብሎ እንደ ሰጠው መመልከት ይገባል። ሦስት ናሙና በአንድ ጊዜ ቢቀርብለትም መልካም ነው፤ አንዱን ብቻ መንቀፍ ሰውን ያሳፍረዋል፤ ከሦስቱ መምረጥ ግን አያሳፍርም።

ሦስተኛ፤ ለጥንዶች ሽልማት አይሰጥ። ሽልማት ካለ ሰው የናሙናውን ጉድለት ይሸፍናል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ጉድለቱን ነው። መምህሩ ጥንዶችን ሲጠይቅ ‹‹ምን ሠራችሁ?›› ከማለት ይልቅ ‹‹ምን ተሳስታችሁ ነበር?›› ይበል።

አራተኛ፤ ናሙና ማስረጃ አይደለም። በ20 ሜትር መሬት ላይ የሠራ ነገር በማሳ ላይ፣ በዝናብ፣ በተለያየ አፈር፣ ከአንድ ክረምት በላይ መፈተን አለበት፤ ይህም የምርምር ባለሞያዎች ሥራ ነው፤ እነርሱን የሚተካ የለም። የአንድ ጠዋቱ ሥራ የሚያደርገው፣ ወደ ማሳው ፈተና የሚሄደው ነገር አስቀድሞ ግልጹ ስሕተት የተለቀመለት እንዲሆን ነው። ደግሞም ተመራማሪው ምን መጠየቅ እንዳለበት ይነግረዋል።

አምስተኛ፤ የወደቁት ናሙናዎች አይጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑ፣ የቦታው ስምና የወደቀበት ምክንያት በአጭር ወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበትና በማሠልጠኛው ማዕከል ይቀመጥ። በዚህ ዓይነት የሚመጣው ባለሞያ ያንኑ ስሕተት ደግሞ ለመሥራት አይደክምም። በግምጃ ቤታችን የዛገ ብረት ከሚቀመጥ የተቀደደ ካርቶን ቢቀመጥ ይሻላል፤ ካርቶኑ ያስተምራልና፤ ዋጋውም ጥቂት ነው።

መደምደሚያ

ይህ ትምህርት ለጤፍ መዝሪያ ብቻ አይደለም። ለጎተራ፣ ለንብ ቀፎ፣ ለከብት ውሃ ማጠጫ፣ ለምድጃ፣ ከዚያም አልፎ ለገበሬው ለሚሰጥ ቅጽና ለስብሰባ አጠራር እንኳ ይሆናል። ቅጹን በሺህ ከማሳተም በፊት በእጅ ጽፎ ለሦስት ሰው ማስሞላት ናሙና ነው። ጎተራውን ከማቆም በፊት በጭቃ ትንሹን ሠርቶ ‹‹እህሉን በየት ታስገቢያለሽ? በየትስ ታወጪያለሽ?›› ብሎ ባለቤቲቱን መጠየቅ ናሙና ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሹም ትእዛዝ ወይም በጀት ሳይጠብቅ በሚመጣው ወር አንድ ጠዋት መርጦ ይሞክረው። የሚያስፈልገው ጥቂት ባዶ ጠርሙስ፣ አንድ ኪሎ ጤፍ፣ ሦስት የተከበሩ ገበሬዎችና በሰው ፊት ለመሳሳት የማያፍር ልብ ነው። ከእነዚህም ከባዱ የመጨረሻው ነው። ነገር ግን ሹሙ በግማሽ ቀን በካርቶን ካልተሳሳተ፣ ገበሬው በአንድ ክረምት በማሳው ይሳሳትለታል፤ የዚያንም ዋጋ የሚከፍለው የገበሬው ቤተ ሰብ ነው። በዚህም ጽሑፍ ውስጥ ጉድለት ያገኘ አንባቢ ሠርቶ ከፈተነው በኋላ ያቃናው፤ ይህም ራሱ ናሙና ነውና። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ያቃና።